በአንድ ፊት ግቡ፣ በአንድ ፊት ውጡ

ጎህ ሲቀድ ሞግዚቷ ትናገራለች። በኮምቦልቻ ከተማ አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ትናገራለች።

«እንደምን አደሩ፣ እናት። የጠብታው ሰዓት ደርሷል። ለሕፃኑ ከጡትዎ በቀር ምንም አይስጡ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ድምጿ አይሞቅም፣ አይበርድም። ለባለጸጋ አይለሰልስም፣ ለደሃም አይከርርም። ለታመመችውም ላልታመመችውም ያው ነው፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር።

አምስተኛው ፎቅ ላይ ብርቄ ከሞግዚቷ ቀድማ ትነቃለች። ትነቃለች ማለት እንኳ ልክ አይደለም፣ መች ተኛችና! ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ድምፁን ትጠብቃለች። ድምፁ ሲመጣ ሌሎቹ አራሶች ዞር ብለው ይተኛሉ። እሷ ግን ተነሥታ ትቀመጣለች። ያ ሁሉ ቤት የሚሰማው ቃል ለእሷ የተነገረ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአያቶቻችን ጊዜ፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት (ስሙን እንጥራው እንጂ፣ ምን ያስፈራናል!) በምጥ ወይም በጡት ወደ ልጇ እንዳይተላለፍ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ሕፃኑም ተወልዶ ለጥቂት ሳምንታት ጠብታ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ይሠራ ነበር። ያልተቻለው የሰው ዓይን ነው። ጠብታ የያዘች እናት ትታያለች፣ ከታየች ትታማለች፣ ሐሜቱን ስትፈራ ጠብታውን ትደብቃለች፣ በመሃል ልጁ ይጎዳል። ይኼ ሲያስቸግር የአንድ ፊት ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ፣ እናቱ ቢኖርባትም ባይኖርባትም፣ ያንኑ ጠብታ ይወስዳል። እናት ሁሉ ያንኑ ነጭ አምባር ታስራለች፣ ሁሉም በስድስተኛው ሳምንት ልጇን ይዛ ያንኑ አዳራሽ ትገባለች። የማን ለእውነት፣ የማን ለይምሰል እንደሆነ ከእናትየዋና ከሞግዚቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሞግዚቷ ደግሞ ብትገረፍም አትናገርም።

ሕጉ ሠርቷል፣ አንዋሽም። በየጎፍ ተራራ ጎን ላይ ከከተማው ሁሉ የሚታይ አረንጓዴ ዜሮ ይበራል። ዜሮው በራ ማለት ቫይረሱ ያለበት ሕፃን በከተማው የለም ማለት ነው። አንድ ከተገኘ ይጠፋል። የማን እንደሆነ ግን አይነገርም።

ብርቄ አንድ ጊዜ ሲጠፋ አይታለች፤ ያኔ ተማሪ ነበረች። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሌላውን ሰው ሕፃን ሲመረምር ሰነበተ። ልጇ የከሳባት እናት ልጇን ደራርባ አልብሳ መውጣት ጀመረች። ከእነብርቄ ቤት ማዶ የሚኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ጠዋት ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። እነሱ ይሁኑ አይሁኑ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ሰው ግን «እነሱ ናቸው» ብሎ ዘጋው። አሁን ብርቄ መስኮቷን ከፍታ ዜሮውን ባየችው ቁጥር የሚታያት ያ የተጫነ ዕቃ ነው፣ ከላይ የሕፃን አልጋ ተገልብጦ የታሰረበት።

ከየት እንደመጣባት አትጠይቁ። በአያቶቻችን ዘመንም የሚጠይቅ ነበር፣ ያኔም መልሱ ለማንም አይጠቅምም ነበር። ባሏ ይመር ከመጋባታቸው በፊት ያውቃል፤ እሱ ነፃ ነው። መድኃኒቷ ክንዷ ውስጥ ተቀብሮ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ሐኪሟ «ደምሽ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ጠብታው ከተጨመረበት፣ ጡትሽን ብቻ ከጠባች፣ ልጅሽ ላይ የመድረስ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው» ብላታለች። ሌላ ሰው ቢሆን «በጣም» የሚለውን ይዞ ይተኛ ነበር። ብርቄ «ትንሽ» የሚለውን ይዛ ተቀመጠች።

አማቷ የመጡት ከአቀስታ፣ ሹፌር በሌለው አውቶቡስ፣ በትልቅ ጣሳ ቅቤ ይዘው ነው። እማማ ፌቨን ይባላሉ። አትሳቁ፣ ዘመኑ እንዲህ ነው፤ አሮጊቶቹ ሁሉ ፌቨን፣ ሒክማ፣ ሜሮን ናቸው፣ ወጣቶቹ ደግሞ ብርቄና ይመር። የስም ፋሽን ዞሮ መጥቷል። ሕፃኗ ሽታዬ ስትባል እማማ ፌቨን አልተዋጠላቸውም። «የቅድመ አያቴን ስም ለጨቅላ! እያሽሞነሞንኩ ልጥራት ወይስ እየተነሳሁ?» አሉና፣ ወዲያው ጉንጯን ሳሟት።

ከስሙ ይልቅ ያናደዳቸው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ በተወለደች ጊዜ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የማዋለጃው ግድግዳ «እባክዎ ድምፅ ይቀንሱ። ሁሉም ልደት እኩል ነው» አላቸው። በአንድ ፊት ሕግ ደስታም ልክ አለው፤ የአንዷ ቤት እልልታ ከሌላዋ ከበለጠ ሰው ምክንያቱን መጠየቅ ይጀምራል። እማማ ፌቨን ምላሳቸው አፋቸው ውስጥ እንደተዘረጋ ቀረ። «እልል ሳይባልላት ቤት የገባች ልጅ» እያሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲናገሩ ሰነበቱ።

ሴትዮዋ ግን ወርቅ ናቸው። አጥሚቱን እሳቸው ይሠራሉ፣ ልብሱን እሳቸው ያጥባሉ። «አራስ ምን በወጣት ትነሳለች!» ብለው ብርቄን ከአልጋዋ እንዳትወርድ ይከለክሏታል። የጠዋቱን ነገር ሁሉ ይዘውታል፤ ሞግዚቷ እንደተናገረች ሽታዬን ታቅፈው መታጠቢያ ቤት ይገባሉ፣ እያንጎራጎሩ ገላዋን ያጥባሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ጠብታዋን ይሰጣሉ። ጠብታ መስጫው ባዶ ሲሆን ሞግዚቷ «ተሰጥቷል። እናመሰግናለን» ትላለች። ብርቄም እስትንፋሷን ትለቃለች፤ ያንን ቃል ሳትሰማ አጥሚቱ በጉሮሮዋ አይወርድም።

የሆነው የሆነው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። እማማ ፌቨን ልጅቷን አጥበው፣ ጠቅልለው አመጡላትና እቅፏ ውስጥ አኖሩላት። ብርቄ ከንፈሯን ሳመቻት።

ሆስፒታል ሳሉ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ነርሷ እንደሰጠች፣ እንዲሁ ስማት ነበር። ያኔ እንደ እሬት መረራት፣ ምሬቱ ከንፈሯ ላይ ብዙ ቆየ። ደስም አላት፤ በዚያ ምሬት ልቧ ዐረፈ። አሁን የልጅቷ ከንፈር ጣፋጭ ነው። ከንፈሯን ላሰችው። ስኳር ነው። የአፏ ጥግ ላይ ደግሞ ቢጫ ቅባት አለ።

«እማማ፣ ጠብታውን ሰጧት?»

«ሰጠኋት እንጂ! ግድግዳዋ ስታመሰግነኝ አልሰማሽም?»

«አፏ ይጣፍጣል።»

እማማ ፌቨን ሳቁ። «የእኔ የልጅ ልጅ አፏ ምን ሊሆን ኖሯል፣ ሊመር ነው?»

«እማማ፣ በፈጠረዎት እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ኤዲያ፣ ምን ነው ይሄን ያህል!» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ያፈሩ አይመስሉም፣ እንደውም ብልጠታቸውን ሊያካፍሉ የፈለጉ ይመስላሉ። «ያንን መራራ ነገር ለዚህች ጨቅላ በምን አንጀቴ ልስጣት? ሒክማ ናት ያሳየችኝ፣ ላይኛው ፎቅ ያለችው። ማጠቢያው ውስጥ ድፍት ማድረግ ነው፤ ግድግዳዋ ዕቃው ባዶ መሆኑን እንጂ የት እንደገባ አታውቅም። ከዚያ በጣቴ ትንሽ ቅቤ አስልሳታለሁ፣ ስኳር በውሃ በጥብጬ ጠብ አደርግላታለሁ። የእኛ አገር ልጅ በዚህ ነው ያደገው፣ ይመርም በዚህ ነው ያደገው። አያቶቹ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት፣ ልጄ። የዚህን ሕንፃ ጠብታ የሚጠጣው የቦርከና ወንዝ ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሆስፒታል ከወጣን ጀምሮ ነዋ።»

ብርቄ ክው አለች። «ሕጉ እኮ…»

«ሕጉ መች ለእኛ ወጣ? ለነዚያ ነው እንጂ።» ለነዚያ ሲሉ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ፤ ከመስኮቱ ውጭ ከተማው በሙሉ አለ። «እነዚያ እንዳይታወቁ ብለን አብረን እንስጥ ተባለ፣ ደግ፣ የሰጠን እንመስላለን፤ ምን ገዶን! ልጃችንን ግን በሰው በሽታ ለምን እናስመርራታለን?»

ይህን ብለው አጥሚቱን ሊያሞቁ ወጡ። እንግዲህ ተመልከቱት፤ ሰው እንዳይለይ ተብሎ ለሁሉም የተሰጠ መድኃኒት፣ ሁሉም «ለሌላ ሰው ነው» እያለ ሲደፋው።

ብርቄ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሩን ቆለፈችና ወደ ግድግዳው ዞረች። «ልጄ ጠብታዋን አልወሰደችም» አለች በሹክሹክታ። «ብዙ ቀን ሆኗል። ቅቤና ስኳር ቀምሳለች። ምን ላድርግ?»

«ጠብታውን ከዛሬ ጀምረው ይስጡ። ከጡትዎ በቀር ምንም አይስጡ። ጡት ማጥባት አያቋርጡ። ምርመራው በቀኑ ይደረጋል» አለች ሞግዚቷ።

«እሱን አውቃለሁ። ምን ያህል ልፍራ?»

«ሁሉንም እናቶች በእኩል እናገለግላለን።»

«አንቺ! ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ እኮ! ከነዚያ ከይምሰሎቹ አንዷ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ!»

ግድግዳው በዚያው አይሞቄ አይበርዴ ድምፅ፣ «ሁሉንም እናቶች በእኩል እናገለግላለን። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ። ብርቄ ግድግዳውን በጥፊ መታችው። የታመመው የእሷ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልሆነላትም። ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው። ልጇን ትገልጣታለች፣ ትሸፍናታለች፣ ግንባሯን ትዳስሳለች። አፍንጫዋን አንገቷ ውስጥ ከትታ ታሸታታለች፣ ቫይረስ ሽታ ያለው ይመስል። ሽታዬ ታዛጋለች። ተራራው ላይ ዜሮው ይበራል።

ይመር ከፋብሪካው ፈረቃ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችውና ሁሉንም ነገረችው። ይመር ጫማውን በአንድ እግሩ እንዳወለቀ ቀረ።

«ቀላል ነው» አለ በኋላ። ቀላል እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ጠብታውን እኔ እሰጣታለሁ። እማዬን ‹አባት ይስጥ ተብሏል› እላታለሁ። ያንቺን ነገር ግን እንዳትሰማ።»

«የጠዋት ፈረቃ ስትገባስ? ቅቤውንስ? ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ጣቷን አፏ ውስጥ ብታደርግስ?»

«ብርቄ፣ እናቴን አታውቂያትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቀስታ ሳለን ጎረቤታችን አንዲት ሴት ነበረች። እንዳለባት ተወራባት፤ ይኑርባት አይኑርባት ማንም አያውቅም። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ገብታ ውሃ አልጠጣችም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ስትታመም በሯ ላይ ምግብ ታስቀምጥላት ነበር። በሩ ላይ ግን።»

«ለእኔም በሬ ላይ ታስቀምጥልኛለች ማለት ነው?»

ይመር ሌላውን ጫማውን አወለቀ።

በማግስቱ ይመር የጠዋት ፈረቃ ገባ። ብርቄ ሞግዚቷ ሳትናገር ልትቀድም አስባ ነበር፤ ስንት ሌት ያልተኛ ሰውነቷ ያን ሌሊት ከዳትና እንቅልፍ ጣላት። ያባነናት ከመታጠቢያ ቤት የሚመጣው እንጉርጉሮ ነው። ባዶ እግሯን ሮጠች። እማማ ፌቨን ልጅቷን በግራ ክንዳቸው ታቅፈው፣ በቀኝ እጃቸው ጠብታ መስጫውን ይዘው ወደ ማጠቢያው ዘንበል ብለዋል። የቅቤው ጣሳ ተከፍቶ መስታወቱ ሥር ተቀምጧል።

«እማማ፣ እንዳይደፉት!»

«ውይ በሞትኩት! አንቺ ልጅ፣ በባዶ እግርሽ? ብርድ ሊገባሽ ነው?»

«ጠብታው ለልጄ ነው።»

«ለልጅ ሁሉ ነው እንግዲህ፣ ምን አዲስ…»

«አይደለም። ለእኔ ልጅ ነው።» ብርቄ በሩን ያዘች። «‹እነዚያ› ያሏቸው እኔ ነኝ፣ እማማ። እነዚያ ማለት እኔ ነኝ።»

እማማ ፌቨን ምራታቸውን አዩ፣ የያዙትን ዕቃ አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ጠብታ መስጫውን ቀስ ብለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፣ ልጅቷን ለእናቷ አቀበሉ፣ ወደ ቧንቧው ዞረው ሳሙና አነሱና እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ተለቃልቀው እንደገና ሳሙና መቱ፣ በጥፍሮቻቸው ሥር ሁሉ ፈተጉ። ብርቄ ፊቷ ጋለ። ነክታኛለችና እኔን እየታጠበችኝ ነው ብላ አሰበች፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ሴትዮዋን ጠላቻቸው። ዕቃዋን ስትሸክፍ፣ የሕፃኗ አልጋ መኪና ላይ ተገልብጦ ሲታሰር ታያት።

እማማ ፌቨን እጃቸውን አደረቁና ዘረጉት።

«ቅቤ ነበረበት» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። «በቅቤ እጅ መድኃኒት ይሰጣል እንዴ? በይ አምጫት። እንዴት እንደሚሰጥ አሳዪኝ፣ ስሰጥ አላውቅም።»

ብርቄ አሳየቻቸው። ሽታዬ ምሬቱ ሲነካት ፊቷን አጨማደደችና ጮኸች። እማማ ፌቨን አብረዋት አለቀሱ። «ተሰጥቷል። እናመሰግናለን» አለች ሞግዚቷ፣ ማንም አልሰማትም።

«አፈር ልብላ!» አሉ አሮጊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው። «በእጄ እኮ ነው! በገዛ እጄ ልገድላት ነበር እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሕጉ አትናገሩ ስለሚል…»

«ሕጉን ተይው። ፈርተሽኝ ነው።»

«አዎ» አለች ብርቄ። «ፈርቼዎት ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ እማማ ፌቨን። «እኔም ብሆን እኔን እፈራ ነበር።»

ከዚያ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ፣ ነጠላቸውን ደረቡና ወደ ደጅ በር አመሩ። ብርቄ ልጇን እንዳቀፈች ተከተለቻቸው። «እማማ፣ ወዴት?»

«ሒክማ ጋ።»

«እማማ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ! ለሰው አይንገሩብኝ። ለይመርም ለልጄም ብለው!»

«ያንቺን አላወራም፣ ምን ቆርጦኝ! ሒክማ ግን የልጅ ልጅ አላት። ከልጇ ከዘምዘም ጋር በአንድ ሳምንት አይደል የወለዳችሁት?» በሩ ተዘጋ።

ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ብርቄ መተላለፊያው ላይ ቆማ ነው የጠበቀቻቸው። «ምን አሏት?»

«የራሴን ጥፋት ነገርኳት» አሉና የቅቤውን ጣሳ ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲያ ቢጠየቁ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ያን ቀን ከላይኛው ፎቅ እግር ሲመላለስ ዋለ። አመሻሹ ላይ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፣ ሰው ጮኸ፣ ጸጥ አለ። ብርቄ ጣሪያውን እያየች «ስለ እኔ ነው» አለች። በየቀኑ እየመጡ አጥሚት ይጠጡ የነበሩት እማማ ሒክማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሩ። አንድ ጊዜ ብርቄ ሊፍት ውስጥ ከልጃቸው ከዘምዘም ጋር ተገጣጠመች። ሁለቱም ልጆቻቸውን ታቅፈዋል። ድሮ ቢሆን ዘምዘም በአንድ ትንፋሽ ስንቱን ታወራ ነበር፤ ያን ቀን የፎቁን ቁጥር ስታይ ቆይታ፣ በሩ ሲከፈት ቀና ሳትል ወጣች።

«አወሩብኝ» አለችው ለይመር። «ሕንፃው ሁሉ ያውቃል።»

«እማዬ አላወራሁም ካለች አላወራችም።»

«ታዲያ ለምን አያዩኝም?»

እማማ ፌቨን ግን ሌላ ሰው ሆነዋል። ሞግዚቷ ከመናገሯ በፊት ታጥበው፣ ጠብታውን ይዘው ይቆማሉ። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ጣቱን ወደ ልጅቷ አፍ ካስጠጋ በዓይናቸው ያደርቁታል። ቅቤውን ለወጥ አዋሉት። ማታ ማታ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡና ዜሮውን አንገታቸውን አስግገው ሽቅብ ያዩታል፤ አለመጥፋቱን ያረጋግጣሉ። አንድ ቀን ብርቄ አጠገባቸው መጥታ ቆመች። ሁለቱም አልተኙም።

ቀኑ ደረሰ። የምርመራው አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ነጭ ነው፣ ዝም ያለ ነው። መግቢያው ላይ በትልቁ «በአንድ ፊት ግቡ፣ በአንድ ፊት ውጡ» ይላል። ግራና ቀኝ በመጋረጃ የተከለሉ ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። ውጤቱ በክፍሉ ውስጥ ለእናት ብቻ ይነገራል፤ ከየክፍሉ መውጫ አጠገብ መስታወት ተሰቅሏል፣ እናት ከመውጣቷ በፊት ፊቷን እንድታስተካክልበት። ደስ ያላትም፣ ልቧ የተሰበረም፣ መጀመሪያውኑ ምንም ያልነበራትም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ይዘው ይወጣሉ። ነጭ ጋወን የለበሰች ተቆጣጣሪ ወዲያ ወዲህ እያለች ፊት ታያለች።

ይመርን በር ላይ አስቀሩት። እማማ ፌቨንን ሊያስቀሩ ሞክረው ነበር። «ልጅቷን የማቅፈው እኔ ነኝ፣ እናቷ ገና አራስ ናት፣ ደግሞ አትግፊኝ!» ብለው አልፈው ገቡ።

ከሽታዬ ተረከዝ ደም ተወሰደ። ጮኸች፣ ጡት ጎረሰች፣ ዝም አለች። ብርቄ መቀመጥ አቅቷት በጠባቡ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰች። ልብ በሉ፣ በግራም በቀኝም ክፍሎች ሴቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ያዛጋሉ፣ አንዳንዶቹ ከዚህ በኋላ ገበያ ምን እንደሚገዙ ያስባሉ። በቀኛቸው በኩል ካለው ክፍል ግን ሌላ ሕፃን ሲነጫነጭ፣ አንድ ሰው ደግሞ እንደ ብርቄ ወለሉ ላይ ሲመላለስ ይሰማል።

«ምርመራው ተጠናቋል» አለች ሞግዚቷ በሹክሹክታ። «ውጤቱ ነፃ ነው። ጡት ማጥባቱንና የሚሰጥዎትን ምክር ይቀጥሉ። ቀጣዩ ምርመራ ቀኑ ሲደርስ ይነገርዎታል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ብርቄ በደንብ አልሰማሁ እንደሆን ብላ እማማ ፌቨንን አየቻቸው። «ነፃ አለች?»

«ነፃ አለች።»

ብርቄ በጉልበቷ ተንበረከከች። ልጇን እንደታቀፈች ፊቷን የሕፃኗ ደረት ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ስታለቅስም ድምፅ እንዳይወጣት ጋቢዋን ነክሳ ነው። አልቅሳ ስትጨርስ ተነሥታ በመስታወቱ ፊቷን ማስተካከል ጀመረች። ዓይኗን ጠረገች፣ አፏን ገጠመች፣ ምንም ያልነበራትን ሴት ፊት ፈለገች። ሊመጣላት ነበር።

አጠገቧ እማማ ፌቨንም መስታወቱን አዩ። የራሳቸውን ፊት ለአፍታ አዩት፣ አልወደዱትም።

«እልልልልልል!»

አዳራሹ ደነገጠ። ሕፃናት ተነሡ። የተቆጣጣሪዋ ጫማ ወለሉን እየቀጠቀጠ መጣ። «እማማ! እማማ! ሕጉ! ሰው ይሰማል እኮ!» መጋረጃውን ገለጠችው። በአዳራሹ ያሉ ሴቶች ሁሉ ወደ ብርቄ ዞሩ፤ በዚህ አዳራሽ እልል የሚያሰኝ ደስታ የማን ደስታ እንደሆነ የማይገባው የለም። የሚያዛጉትም ማዛጋታቸውን አቆሙ። ብርቄ መላ ሰውነቷ እሳት ሆነ። ስንት ዘመን የደበቀችው ነገር በአንዲት አሮጊት ጉሮሮ ወጥቶ ጣሪያውን እየዞረ ነው።

«ስትወለድ የተከለከለችውን ነው» አሉ እማማ ፌቨን ለተቆጣጣሪዋ፣ በእርጋታ። «ዕዳዋ ነበር፣ ከፈልኩላት።» ደግመው አፋቸውን ከፈቱ።

የቀደማቸው ሰው አለ። ከቀኙ ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የሻከረ፣ የተሰነጠቀ፣ ግን ረዥም እልልታ ወጣ። ብርቄ ድምፁን አወቀችው፤ በየቀኑ አጥሚት እየተጠጣ ሲያወራ ትሰማው የነበረ ድምፅ ነው። መጋረጃው ተከፈተና እማማ ሒክማ ሻሻቸው ወደ ትከሻቸው ወድቆ፣ እንባቸው ጉንጫቸውን አልፎ፣ የዘምዘምን ልጅ ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ዘምዘም መስታወቱን ተደግፋ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። ብርቄን አየቻት። በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልመለሰችም። ለካ ከ‹እነዚያ› አንዷ እሷም ነበረች።

ተቆጣጣሪዋ ወደ እነሱ ዞረች። ያኔ ከአዳራሹ ማዶ፣ ማን እንዳለበት ከማይታወቅ ክፍል፣ አንዲት ገና ወጣት የምትመስል ሴት ፈራ ተባ እያለች እልል አለች። ቀጥሎ ሌላ። ተቆጣጣሪዋ በአዳራሹ መሃል ቆማ ወዲያም ወዲህም አየች። ወደ የትኛው መጋረጃ እንደምትሮጥ ጠፋት።